ከሎንዶን እስከ ፓሪስ ስላለው መንገድና በአይሮፕላን ስለሚፈጀው ሰዓት



የዛሬው ንግግር ከአንድ የሒሳብ ጥያቄ ይነሣል። አንድ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ፤ «ከሎንዶን እስከ ፓሪስ በአየር 344 ኪሎ ሜትር ነው፤ አይሮፕላን በአንድ ሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ እንግዲህ ከሎንዶን ተነሥቶ በስንት ደቂቃ ፓሪስ ይደርሳል?» ብሎ የጻፈ እንደሆነ፤ ትጉህ የሆነ ተማሪ 344ን በ60 አባዝቶ ለ800 ያካፍልና «26 ደቂቃ ያህል» ብሎ ይመልሳል። በሒሳቡ በኩል ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በዚያው ክፍል ዘመዱ ወደ አውሮፓ የሄደለት ሌላ ልጅ ተነሥቶ፤ «ዘመዴ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ነግሮኛል» ቢል፤ ሦስተኛውም፤ «በጉዞው ወረቀት ላይ ከጧቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ በ6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ፓሪስ ይገባል ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ 2 ሰዓት ከሩብ ነው» ቢል፤ በደጅ ተቀምጦ የሚሰማ አንድ ሽማግሌም፤ «ከቤቱ ወጥቶ እንግዳ ማረፊያው እስኪገባ ድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል ሲሉ ሰምቻለሁ» ቢል፤ መምህሩ ማንን ትክክል ማንን ስሕተት ሊል ነው?

አራቱም እውነት ተናግረዋል። መምህሩ የአንዱን መልስ ተቀብሎ የሦስቱን የደመሰሰ እንደሆነ ሦስት ሰው በደለ፤ ልጅም እውነት ተናግሮ «ተሳስተሃል» የተባለ እንደሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይ የመጽሐፉን ቍጥር ወይ የራሱን ዓይን መጠራጠር ይጀምራል። ስለዚህ የአራቱ መልሶች ምሥጢር ከየት እንደ መጣ በየተራው መመርመር ይገባል። በዚህ ንግግር የሚጠራው ዓመተ ምሕረትና ወር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የቀኑ ሰዓት ግን በኢትዮጵያ ልማድ ከጧት ጀምሮ የተቈጠረ ነው።

አስቀድሞ ስለ ርቀቱ። ርቀት ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሦስት ርቀት አለ። የምድር አምሳል በሆነው ሉል ላይ ክር ከሎንዶን እስከ ፓሪስ ወጥሮ ለለካ ሰው 344 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ወፍ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል ብትበር የምታልፈው መንገድ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በምድር ባቡር የሚሄደውም የባቡሩ ሐዲድ 492 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ከወፊቱ ይልቅ 148 ኪሎ ሜትር አብልጦ ይጓዛል። በገደል ማዶ ያለውን ጎረቤቱን በድምፅ ጠርቶ የሚያነጋግር፤ እርሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ቍልቍለቱን ወርዶ አቀበቱን የሚወጣ ሰው ይህን ነገር ያለ ብዙ ማስረጃ ያስተውለዋል።

በሎንዶንና በፓሪስ መካከል ያለው ገደል ባሕር ነው። ፓሪስ ከሎንዶን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች፤ በቀጥታ የተወጠረው ክርም ባሕሩን የሚያቋርጠው ሰፋ ባለበት በኩል ነው። ባሕሩ እጅግ የሚጠብበው ግን ከዚያ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ፤ በእንግሊዝ በኩል ዶቨር በፈረንሳይ በኩል ካሌ በሚባሉት ወደቦች መካከል ነው፤ በዚያም ስፋቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በምድር የሚሄድ ሁሉ መንገዱን አጣሞ ወደዚህ ጠባብ በር ይሄዳል። ባቡሩም ካሌን ካለፈ በኋላ ሊል የምትባለውን የሰሜን ከተማ ዞሮ ስለሚያልፍ መንገዱ ይበልጥ ረዘመ።

በድሮ ዘመን ከሎንዶን ወደ ፓሪስ የሚሄድ ሰው በፈረስ ሠረገላ እስከ ዶቨር ወርዶ፤ በዚያ ለሸራው መርከብ የሚስማማ ነፋስ እስኪነሣ ይጠብቅ ነበር። ነፋሱ እምቢ ያለ እንደሆነ ሠረገላው ፈጥኖ መድረሱ ምንም አይጠቅመውም፤ በወደቡ ከተማ ተቀምጦ ቀኑን ይቈጥራል። የምድር ባቡርና በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ከመጡ ወዲህ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል፤ ጉዞው በአንድ ቀን የሚፈጸም ሆነ። በ1929 ዓ.ም. «የወርቅ ፍላጻ» የተባለው የባለጠጎች ባቡር ከመርከብ ጋር ተቀናጅቶ ሲሠራ ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅ ነበር። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የመኝታውን ባቡር፤ ተጓዡ በውስጡ እንደ ተኛ፤ በመርከብ ሆድ አስገብቶ ማሻገር ነበረ። ነገር ግን ሠረገላዎቹ ከመርከቡ ወለል ጋር በሰንሰለት ሲታሰሩ የሚሰማው ጩኸት ብዙውን ተጓዥ አላስተኛውም ይባላል።

በአየር ለመሻገር የተደረገው ሙከራ ግን ሰዎች ከሚያስቡት ይልቅ የቈየ ነው። በ1785 ዓ.ም. በጃኑዋሪ 7 ቀን ብላንሻር የተባለ ፈረንሳዊና ጀፍሪስ የተባለ በአሜሪካ የተወለደ ሐኪም ሃይድሮጅን በተመላ ፊኛ ከዶቨር ተነሥተው ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። በባሕሩ ላይ ሳሉ ፊኛው ዝቅ ዝቅ እያለ ወደ ውሃው ስለ ቀረበባቸው፤ አስቀድመው ለክብደት የያዙትን ጣሉ፤ ቀጥለውም አየሩን እንቀዝፍበታለን ብለው የሠሩትን ክንፍ ጣሉ፤ በመጨረሻም የለበሱትን ልብስ ሳይቀር አውልቀው ጣሉና ከካሌ አቅራቢያ ባለ ዱር በብርድ እየተንቀጠቀጡ ወረዱ። ጊዜው 2 ሰዓት ተኩል ያህል ነበረ። በዚያው ዓመት በጁን 15 ቀን፤ ከሰው ልጅ አስቀድሞ በ1783 ዓ.ም. በፊኛ ወደ አየር የወጣው ፒላትር ደ ሮዚዬ ከጓደኛው ከሮማን ጋር ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ሊሻገር ተነሥቶ ሳለ ፊኛው ፈርሶ ሁለቱም ሞቱ። በዚያ አገር ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፤ ከእንግሊዝ የተነሣውን ይገፋዋል፤ ከፈረንሳይ የተነሣውን ይመልሰዋል። ይህ የነፋስ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በአይሮፕላኑ ሰዓት ላይ ይታያል።

ከዚህ በኋላ 124 ዓመት አለፈና አይሮፕላን መጣ። በ1909 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ባሕሩን በአይሮፕላን አስቀድሞ ለሚሻገር ሰው 1,000 ፓውንድ ሽልማት አቆመ። በጁላይ 19 ቀን ላታም የተባለ ሰው ሞክሮ ሞተሩ ቆመበትና ከባሕር ላይ ወረደ፤ መርከብ መጥቶ ሲያነሣው በሚንሳፈፈው አይሮፕላኑ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ሲያጨስ ተገኘ። ከ6 ቀን በኋላ፤ በጁላይ 25 ቀን ሲነጋ፤ ብሌርዮ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ 25 የፈረስ ጕልበት ባላት ሞተር ከካሌ አጠገብ ተነሣ። ቀደም ብሎ እግሩ ተቃጥሎበት በምርኩዝ ይሄድ ነበር፤ አቅጣጫ የሚያመለክት መሣሪያም አልያዘም። 36 ደቂቃ ተኩል ያህል በርሮ በዶቨር ግንብ አጠገብ ካለ ሜዳ ላይ ወደቀ ቢባል ይሻላል፤ ማረፊያዋ ተሰብሯልና፤ እርሱ ግን ዳነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብሌርዮ በ36 ደቂቃ ተኩል ያለፈው ጠባቡን ባሕር ብቻ ነው፤ ከሎንዶንም አልደረሰም ከፓሪስም አልተነሣም።

ከፓሪስ እስከ ሎንዶን አስቀድሞ በአይሮፕላን የሄደው ሞይዛንት የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1910 ዓ.ም. በኦገስት 16 ቀን መካኒኩንና አንዲት ትንሽ ድመት ይዞ ከፓሪስ ተነሣ፤ በማግሥቱም ባሕሩን በደኅና ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ግን በእንግሊዝ ምድር ነፋሱና የሞተሩ ብልሽት ተባብረው እየጣሉት፤ ሲጠግን ሲነሣ፤ ሲነሣ ሲወድቅ፤ ሎንዶን የገባው በሴፕቴምበር 6 ቀን ነው። ከመነሣቱ እስከ መድረሱ 3 ሳምንት ሆነ። በእግሩ የሄደ ሰው በቀደመው ነበር። አየሩ ላይ የቈየበት ሰዓት ቢደመር ግን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ «በአይሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ መኖሩ ገና ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

በቀን በቀን ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ አይሮፕላን በሁለቱ ከተሞች መካከል የተጀመረው በ1919 ዓ.ም. በኦገስት 25 ቀን ነው። ከሎንዶን በስተ ምዕራብ ካለው ከሀውንስሎ ሜዳ ተነሥቶ ከፓሪስ በስተ ሰሜን ባለው በለ ቡርዤ አረፈ፤ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። አይሮፕላኑ ለጦርነት ተሠርቶ የነበረ ነው፤ የጫነውም አንድ ጋዜጠኛ፤ ጋዜጣ፤ ቆዳ፤ የወተት ቅባትና የታደኑ የዱር ወፎች ነበር። የአንድ መሄጃ ዋጋ 21 ፓውንድ ሲሆን ይህ በዚያ ዘመን ለአንድ ሠራተኛ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ነው። በማግሥቱ ዓመት የሎንዶን የአይሮፕላን ጣቢያ ክሮይደን ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ።

አሁን የሚነገረው ነገር በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የሰው ሕይወት የጠፋበት ስለ ሆነ ግን በጥቂቱ አይታለፍም። በዚያ ዘመን የአይሮፕላን ነጂ መንገዱን የሚያውቀው ወደ ታች እየተመለከተ ነበር። የመኪናውን መንገድ፤ የባቡሩን ሐዲድ፤ ወንዙን እየተከተለ ይሄዳል፤ ጉም የመጣ እንደሆነም መሬቱን እንዳያጣ ዝቅ ብሎ ይበራል። በ1922 ዓ.ም. በኤፕሪል 7 ቀን አንድ የእንግሊዝ አይሮፕላን ፖስታ ጭኖ ከክሮይደን ወደ ፓሪስ ሲሄድ፤ አንድ የፈረንሳይ አይሮፕላን ደግሞ ሦስት ተጓዦች ይዞ ከፓሪስ ወደ ክሮይደን ይመጣ ነበር። ፒካርዲ በምትባለው አውራጃ፤ ከፓሪስ በስተ ሰሜን፤ ጉምና ካፊያ ነበረ። ሁለቱም ነጂዎች ዝቅ ብለው ያንኑ አንድ መንገድ ከላይ ሆነው ይከተሉ ስለ ነበር ፊት ለፊት ተጋጩ። በእንግሊዙ አይሮፕላን ውስጥ የነበሩት ነጂውና አንድ ወጣት አገልጋይ፤ በፈረንሳዩም ውስጥ የነበሩት ነጂው፤ መካኒኩና ሦስቱ ተጓዦች፤ በጠቅላላው 7 ሰዎች ሞቱ። ተጓዥ የሚጭኑ አይሮፕላኖች በአየር ላይ ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሰማይ ሰፊ ነው፤ ሁለት አይሮፕላን በእንዲህ ያለ ሰፊ ስፍራ እንዴት ይገናኛል የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሁለቱ የሄዱት በሰማዩ ስፋት አይደለም፤ በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ ነው። አጭሩን መንገድ ሁሉም ስለሚፈልገው አጭሩ መንገድ አደገኛ ሆነ። ከዚህ አደጋ በኋላ የአይሮፕላን ኩባንያዎች ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዱ ነጂ ቀኙን ይዞ እንዲበር፤ የሚሄዱበትም መስመር ተለይቶ እንዲታወቅ፤ ሬዲዮም እንዲኖር ተስማሙ። የክሮይደን የሬዲዮ ሹም የነበረው ፍሬድሪክ ሞክፎርድ ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በጭንቅ ጊዜ የሚጠራ ቃል እንዲያወጣ ታዘዘ። ከክሮይደን ጋር የሚነጋገሩት አይሮፕላኖች አብዛኞቹ ወደ ለ ቡርዤ የሚሄዱና ከዚያ የሚመጡ ስለ ነበሩ ሁለቱም ሕዝብ የሚሰማውን ቃል ፈልጎ፤ በፈረንሳይኛ «እርዱኝ» ከሚለው ቃል ድምፅ «ሜይዴይ» የሚለውን አወጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ በጭንቅ ላይ ያለ የአይሮፕላን ነጂ ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የቃሉ መነሻ የሎንዶንና የፓሪስ መንገድ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ዛሬ አይሮፕላን በተወጠረው ክር ላይ የማይሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአየር ላይ የማይታይ ጐዳና ተሠርቶለታል፤ ከፍታውና አቅጣጫው ከምድር በሬዲዮ እየተነገረው ይሄዳል። ሁለተኛውም ምክንያት ነፋስ ነው። አይሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ ማዞር ይገባዋል። የሎንዶን ትልቁ ጣቢያ ሂትሮው፤ የፓሪስም ትልቁ ጣቢያ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሻርል ደ ጎል፤ የሁለቱም የመንደርደሪያ ሜዳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከምዕራብ ሲነፍስ አይሮፕላኑ ከሂትሮው ወደ ምዕራብ ይነሣል፤ ይህም ወደ ፓሪስ ጀርባውን ሰጥቶ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዞሮ ይመለሳል። ፓሪስም ሲደርስ ጣቢያውን በጎን አልፎ፤ በምሥራቅ በኩል ዞሮ፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ያርፋል። ከፓሪስ ወደ ሎንዶን ሲመጣም በሂትሮው አይሮፕላን የበዛ እንደሆነ፤ በከተማው ዙሪያ ከተመደቡት 4 የመጠበቂያ ስፍራዎች በአንዱ ላይ፤ አንዱ ካንዱ በላይ እየሆኑ፤ ተራቸው እስኪደርስ ይዞራሉ።

ፍጥነቱም ቢሆን 800 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ከፍ ካለ በኋላ ነው። ሲነሣ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ለማረፍም ገና ከሩቅ ጀምሮ ይቀዘቅዛል፤ መንገዱም አጭር ስለ ሆነ ከፍ ብሎ ጥቂት እንደ ሄደ መውረድ ይጀምራል። በመንገድ መካከል ያለውን ፍጥነት ለመንገዱ ሁሉ መስጠት፤ በቅሎ በሜዳው ላይ ስትሰግር አይቶ ገደሉንም እንዲሁ ትወርደዋለች ብሎ እንደ ማሰብ ነው። በምድር ላይ ከበሩ ተነሥቶ እስከ መንደርደሪያው የሚያዘግምበትም ደቂቃ ይቈጠራል። በጉዞ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው 1 ሰዓት ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ ይህን ሁሉ የያዘ ነው፤ መንኰራኵሩ ከመሬት ተነሥቶ እንደ ገና መሬት እስኪነካ ያለው ግን ከ1 ሰዓት ያንሳል። ይህ የሁለተኛው ልጅ መልስ ነው።

የሽማግሌው መልስ ደግሞ ከደጅ እስከ ደጅ ያለውን የቈጠረ ነው። የብሌርዮ 50ኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ፤ በ1959 ዓ.ም. በጁላይ ወር፤ ከሎንዶን መካከል ከማርብል አርች ቅስት ተነሥቶ በፓሪስ መካከል ካለው ከድሉ ቅስት ፈጥኖ የሚደርስ ማን ነው የሚል ውድድር ተደረገ። ያሸነፈው ሞን የተባለ የእንግሊዝ የአየር ኀይል መኰንን ነው። አስቀድሞ በሞተር ብስክሌት፤ ከዚያ በሄሊኮፕተር፤ ከዚያ በጦር ጄት፤ ከዚያ እንደ ገና በሄሊኮፕተር፤ በመጨረሻም በሞተር ብስክሌት ሆኖ በ40 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ደረሰ። አራት ጊዜ መጓጓዣ ለወጠ፤ በየስፍራውም የሚጠብቀው ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ሻንጣውን የፈተሸው፤ ፓስፖርቱንም ለማየት በሰልፍ ያቆመው የለም። እንዲህ ሁሉ ተደርጎለት እንኳ ከሰሌዳው መልስ ከ26 ደቂቃው አልደረሰም።

ለተራው ተጓዥ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከሎንዶን መካከል እስከ ሂትሮው 1 ሰዓት ያህል፤ ለፍተሻና ለሰልፍ ቀድሞ መድረሻ 2 ሰዓት፤ በአይሮፕላኑ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፤ ፓስፖርት አሳይቶ ሻንጣ ተቀብሎ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት፤ ከሻርል ደ ጎል እስከ ፓሪስ መካከል 45 ደቂቃ ቢሆን፤ ድምሩ 5 ሰዓት ተኩል ነው። የቀኑ ብርሃን 12 ሰዓት ስለ ሆነ «ግማሽ ቀን» ያለው ሽማግሌ በጥቂት ብቻ ዘለለ።

ከዚህ የተነሣ በፍጥነት አይሮፕላንን የማያክለው የምድር ባቡር በዚህ መንገድ ላይ ቀደመው። ከባሕሩ ወለል በታች የተቈፈረው ዋሻ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ 38ቱ ከባሕር በታች ነው። ከሁለቱም አገር የተነሡት ቈፋሪዎች በ1990 ዓ.ም. በዲሴምበር 1 ቀን ከባሕሩ በታች ተገናኙ፤ ዋሻውም በ1994 ዓ.ም. በሜይ 6 ቀን በእንግሊዝ ንግሥትና በፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ተመረቀ። በመጀመሪያ ባቡሩ 3 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ በፈረንሳይ በኩል በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ በእንግሊዝ በኩል ባረጀው ሐዲድ ላይ ያዘግም ነበርና። በ2007 ዓ.ም. አዲሱ የእንግሊዝ ሐዲድ ሲፈጸም ጕዞው ወደ 2 ሰዓት ከሩብ ወረደ። ተነሥቶም የሚደርሰው ከከተማ መካከል ወደ ከተማ መካከል ነው። ስለዚህ ለመፈተሻ 1 ሰዓት ቢጨመርበት እንኳ 3 ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰውም ሰው የሚበዛው በባቡር ይሄዳል።

የቀረው የሦስተኛው ልጅ መልስ ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ መምህርን የሚያስቸግር ነው። ከጧቱ 4 ሰዓት ከሎንዶን ተነሥቶ በ6 ሰዓት ከ15 ፓሪስ ከገባ፤ 1 ሰዓት ከ15 የሚለው ከየት መጣ? ምክንያቱ የፓሪስ ሰዓት ከሎንዶን ሰዓት በ1 ሰዓት የሚቀድም መሆኑ ነው። መነሻው በሎንዶን ሰዓት፤ መድረሻው በፓሪስ ሰዓት ተጽፏል። ያው አይሮፕላን ሲመለስ ደግሞ ከፓሪስ በ8 ሰዓት ተነሥቶ ሎንዶን በ8 ሰዓት ከ15 ይደርሳል፤ ላላወቀም ሰው በ15 ደቂቃ የተመለሰ ይመስለዋል።

ይህ የሰዓት ልዩነት ከፀሐይ የመጣ ነው የሚል መምህር ግን ይጠንቀቅ። ምድር በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትዞራለች። ፓሪስ የሎንዶን ዳርቻ ከሆነችው ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ የምትርቀው 2 ዲግሪና ሲሶ ያህል ስለ ሆነ፤ በ4 ሲባዛ ፀሐይ ፓሪስን የምትቀድማት በ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ብቻ ነው። ፈረንሳዮች በ1911 ዓ.ም. ሰዓታቸውን ከግሪንዊች ጋር ሊያስተካክሉ በወደዱ ጊዜ የእንግሊዝን ስፍራ በሕጋቸው መጥራት አልፈለጉምና «የፓሪስ ሰዓት በ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ የዘገየ» የሚል ሕግ አወጡ፤ ነገሩ ያው ነው፤ ክብር ግን ተጠበቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሰዓት ኖሩ። በ1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ፓሪስን ሲይዝ የከተማይቱን ሰዓት ከበርሊን ሰዓት ጋር አስተካከለው፤ ጦርነቱም ካለፈ በኋላ ፈረንሳይ በዚሁ በቀደመው ሰዓት ቀረች። በሙቀቱ ወራት ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን በአንድ ቅጽበት ወደ ፊት ስለሚገፉ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ 1 ሰዓት እንደ ሆነ ይኖራል። ስለዚህ በፓሪስ በብርዱ ወራት ፀሐይ ከራስ በላይ የምትሆነው ሰዓቱ 6 ሲል ሳይሆን ወደ 7 ሰዓት ሊደርስ 9 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው።

እንግዲህ መምህሩ ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፤ «በቀጥታ 344 ኪሎ ሜትር የሆነውን አየር አንድ አይሮፕላን ምንም ሳይዞርና ሳይዘገይ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቢያልፈው ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?» ብሎ ቢጽፍ መልሱ ያለ ክርክር 26 ደቂቃ ያህል ነው። ከፍ ላሉት ተማሪዎች ግን እንዲህ ያለውን መስጠት ይሻላል፤ «አይሮፕላን በሎንዶን ሰዓት በ3 ሰዓት ከ20 ተነሥቶ በፓሪስ ሰዓት በ5 ሰዓት ከ40 ደረሰ። በፓሪስ ሰዓት በ9 ሰዓት ተነሥቶ በሎንዶን ሰዓት በ9 ሰዓት ከ20 ተመለሰ። መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ ከፈጀ፤ ጉዞው ስንት ሰዓት ነው? የሁለቱ ከተሞች ሰዓትስ በስንት ይለያያል?» ተማሪው መሄጃውን 2 ሰዓት ከ20፤ መመለሻውን 20 ደቂቃ አድርጎ ያገኛል። ሁለቱን ደምሮ እኩሌታውን የወሰደ እንደሆነ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የጉዞውን ጊዜ ያገኛል፤ ከትልቁ ትንሹን ቀንሶ እኩሌታውን የወሰደ እንደሆነ ደግሞ 1 ሰዓት የከተሞቹን ልዩነት ያገኛል። «እኩል ጊዜ ከፈጀ» የሚለውን ቃል መምህሩ እንዳይተወው ያስፈልጋል፤ የምዕራቡ ነፋስ የሚመለሰውን አይሮፕላን ጥቂት ደቂቃ ያዘገየዋልና።